ሰባተኛው መጠጊያ

አያቴ በሰባ አንድ ዓመቱ ፍቅር ይዞታል ብዬ አምን ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ማስረጃ ግን ሞልቶኛል። በየሐሙሱ ጺሙን ይላጫል። እናቴ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ጫማውን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይቦርሻል። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እኔን በእጁ ይዞ ወደ ባቡሩ ዋሻ ይወርዳል። የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ ይለዋል። ጥላው ከሚጀምርበት መስመር አንዲት ስንዝር አያልፍም። ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል፤ ዋሻው ውስጥ እንጉዳይ የምታበቅለው እትዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትወጣለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ እኔ ትምህርት ይጠያየቃሉ፤ በመጨረሻ አንድ ከረጢት እንጉዳይ ትሰጠዋለች፤ እሱም አመስግኖ ይቀበላል።

እንጉዳይ ደግሞ አይወድም። ቤታችን ውስጥ የሚወድ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ በየሐሙሱ ሙሉ ከረጢት ይገባልና በሽንኩርት፣ በእንቁላል፣ በሾርባ እያደረግን እስኪያንገሸግሸን እንበላው ነበር። የማይወደውን ነገር በየሳምንቱ ሄዶ የሚቀበል ሰው፣ ከፍቅር ሌላ ምን ሊይዘው ይችላል?

ዋሻው ሰፈራችን ካለበት ኮረብታ ሥር ነው። ከላይ ቤቶች፣ ሱቆች፣ የእኔ ትምህርት ቤት አሉ፤ ከታች ባዶ ነው። ባቡሮቹ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የቀሩት። አዲሱ መስመር ኮረብታውን ዞሮ ሲዘረጋ አሮጌውን የሚፈልገው ጠፋ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ለብረት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዋሻው ያልሆነው ነገር የለም። አንድ ነጋዴ የቤት ዕቃ መጋዘን አደረገው፤ አልጋውም ቁምሳጥኑም ሻግቶበት ጥሎት ጠፋ። አንድ ክፉ ወቅት ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ገብቶ ሳምንታት ተጠልሎበታል፤ እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ እዚያ እንደተኛች ትናገራለች። ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ እትዬ ተከራየችው። አልጋውን ያሻገተው እርጥበት ለእንጉዳይ ምቹ ነው ብላ ነው ተባለ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው።

እናቴ እዚያ ከሚሠሩት አሥራ ሁለት ሴቶች አንዷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወርጄ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በሁለቱም ግድግዳ በኩል የእንጨት ሣጥኖች እስከ ሴቶቹ ትከሻ ድረስ ተደራርበዋል፤ በውስጣቸው ጭድና የፈረስ ፍግ አለ፤ ከዚያ ላይ ነጫጭ ራሶች ብቅ ብቅ ይላሉ። አምፖሎቹ በአንድ ገመድ የተንጠለጠሉ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ጨለማ ከብርሃኑ ይበልጣል። ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባና አይወጣም፤ ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምትማረው።

በግራው ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆሙ ጎድጓዳ ቦታዎች በየተወሰነ እርምጃ ተፈልፍለዋል። ከእያንዳንዳቸው በላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። መጠጊያ ነው የሚሏቸው፤ ድሮ ባቡር ሲመጣ የሐዲድ ሠራተኞቹ የሚገቡባቸው ናቸው። እትዬ ሁሉንም በሣጥን ሞልታቸዋለች፤ ከሰባተኛው በቀር። ሰባተኛው ውስጥ አንዲት በርጩማ ብቻ ነበረች። እትዬ ምሳዋን የምትበላው እዚያ ገብታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ሐዲዱ ወደነበረበት አዙራ ነው። ማንም አብሯት አይበላም። እኔ አለቃ ስለሆነች የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ብዬ ነበር የማስበው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፋስ ይመጣል። ውጭ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን እንኳ ከወዲያኛው የዋሻው አፍ አንድ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይነሳና አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያወዛወዘ ወደ እኛ ይመጣል። ሴቶቹ ሥራቸውን ያቆማሉ። "ረጅሙ መጣ" ይላሉ በሹክሹክታ። ረጅሙ የእትዬ ባል ነው፤ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ውስጥ ባቡር ገድሎታል። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ቁመቱን ግን ሁሉም ያውቃል፤ መጠጊያው ውስጥ ሲገባ አንገቱን ሰብሮ ነበር አሉ የሚቆመው። ነፋሱ ሲያልፍ አንድ ሰው ከጆሮዬ ሥር የተነፈሰ ይመስለኝና ጀርባዬን ይነዝረኛል። አሁን ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ አንዱን አፍ ሲያሞቀው አየሩ እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ብዙም አልረዳኝም፤ ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ሐሙስ ማታ፣ እራት ላይ፣ ንግግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ዛሬስ ነገርካት አባዬ?" ትላለች እናቴ።

"ሰው ነበር።"

"ሁልጊዜ ሰው አለ።"

"ከየት ልጀምር?"

"ከመጀመሪያው ነዋ። በየሐሙሱ መሄድ ከጀመርክ እኮ ስድስት ዓመት ሆነህ። እሷ ደህና ዋልሽ ስትለኝ እኔ መሬት መሬት ማየት ሰልችቶኛል።"

አያቴ ሹካውን ያስቀምጣል። "አይጢት ትሰማለች" ይላል፤ አይጢት እኔ ነኝ። እናቴም ዞር ብላ "አንቺ ልጅ፣ ብዪ" ትለኛለች፤ እኔም የማልወደውን እንጉዳይ እያላመጥኩ፣ ለምን ፍቅሩን ለመናገር ይህን ያህል እንደሚፈራ እገረማለሁ። አብራን የምትኖር አያት ብትኖረኝ አልጠላም ነበር። የእናቴ እናት የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው።

ጥርጣሬዬን ያጸናችልኝ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ የእናቴ የሥራ ጓደኛ ስትሆን ስሟን ያገኘችው አፏ ስለማይዘጋ ነው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል፣ እሷም አትቀየምም። አንድ ሐሙስ አያቴ ባርኔጣውን ይዞ ውጭ ሲቆም አየችውና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ሽማግሌሽ ለእትዬ ልቡ ቀልጧል" አለችኝ። "እሷ ግን የሞተውን ትታ የቆመውን የምታይ አይነት አይደለችም።" እናቴ ስትሰማት ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ምስጢራችን ስለወጣ የተናደደች መሰለኝ።

አያቴ መናገር ያቃተውን ነገር እኔ የሰማሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእናቴ አፍ። እሷ የሰማችው ደግሞ አያቴ በትኩሳት ተይዞ ሲቃዥ ነበር።

አያቴና ረጅሙ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ። አያቴ ስድስት ነው፤ ረጅሙ ሰባት። ባቡር ከጣቢያው ሲያፏጭ እያንዳንዱ ሮጦ በቁጥሩ መጠጊያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በጨለማው ውስጥ በተራ ይጠራሉ፤ "አንድ አለሁ፣ ሁለት አለሁ" እያሉ እስከ ዘጠኝ። አለቃቸው የዋሻው አፍ ላይ ባንዲራ ይዞ ቆሞ ያዳምጣል። ዘጠኙም ከመለሱ አረንጓዴውን ያነሳል፤ አንድ ከጎደለ ቀዩን። ቀይ ከተነሳ ባቡሩ ይቆማል፤ ነጂው ይሳደባል፤ አለቃው ለምን ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ ያ የዘገየ ሰው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ሲዝቅ ይከርማል። ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጓደኛህ ሁለት ሦስት እርምጃ ከቀረው ትመልስለታለህ። ድምፅህን ትንሽ ለወጥ አድርገህ "አለሁ" ትልለታለህ፤ ነገ እሱ ይልልሃል። መቶ ጊዜ አድርገውታል። መቶውንም ጊዜ ሰውየው ደርሷል።

ያን ዕለት ረጅሙ ድጅኖውን ሐዲዱ ላይ ረስቶት ሊያነሳ ተመለሰ። ካላነሳው ባቡሩ ሊገለበጥ ይችል ነበር። አያቴ ከመጠጊያው ሆኖ የሩጫውን ድምፅ ሰማ፤ አጠገቡ የደረሰ መሰለው። ዋሻ ውስጥ ሩቅ ያለ እግር ቅርብ ያለ ይመስላል፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ነበሩ። ተራው ሲደርስ "ስድስት አለሁ" አለ፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን አወፍሮ "ሰባት አለሁ" አለ። አረንጓዴው ተነሳ።

ሊመረምሩ ለመጡት ሰዎች አለቃው ሰባትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ማለ። አያቴንም ጠየቁት፤ "ሰምቻለሁ" አላቸው። ውሸት አልነበረም፤ የሰማው ከገዛ አፉ መሆኑን ብቻ ነው ያልነገራቸው። እነሱም ጻፉ፦ ሟች በመጠጊያው ውስጥ በደህና መኖሩን በራሱ ድምፅ ካረጋገጠ በኋላ፣ ባቡሩ ሲቃረብ በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ ሐዲዱ ላይ ቆሟል። ይህን ለእትዬ ቤቷ ድረስ ሄደው አነበቡላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏ ራሱን እንደገደለ አምና ኖረች። ዋሻውን የተከራየችው ለእርጥበቱ አልነበረም፤ ከዚያ ቦታ ለምን እንደወጣ ይገባት እንደሆነ እዚያው ተቀምጣ ለማሰብ ነው። አያቴ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረችው፤ እሷን ይዞ በየሐሙሱ ሄዶ፣ ከእንጉዳይ ጋር ይዟት ይመለስ ነበር።

እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነው፤ ይህን አላውቅም። የማውቀው ጊዜ ማጠሩን ብቻ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ዋሻው ለከተማው ይፈለጋል፤ እትዬ በወሩ መጨረሻ ትልቀቅ። እህቷ ሌላ ከተማ ናት፣ ወደዚያ ልትሄድ ነው ተባለ። ያን ማታ እናቴ ሳህኖቹን እያጠበች "ከሄደች አለቀ አባዬ። በቃ፣ ይዘኸው ትሞታለህ" አለችው። አያቴ ክንዱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እሱ ካልቻለ እኔ እነግርለታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ ግማሽ ቀን ብቻ ተምረን ተለቀቅን። ሴቶቹ ምሳ ሊበሉ ውጭ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። እትዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ግን አትበላም።

"እትዬ።"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። አያቴ የሚነግርሽ ነገር አለው። ግን ያፍራል።"

ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ምን የሚነግረኝ?"

ቃሉን ማውጣት እኔም አፈርኩ። "አንቺ ታውቂዋለሽ" አልኳት። "በየሐሙሱ ሸሚዝ የሚለብሰው ለማን ይመስልሻል? አንቺ ከሄድሽ እኮ ይሞታል፤ እማዬ ብላለች።"

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እትዬ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሳቋ ዋሻው ውስጥ ሄዶ ተመልሶ መጣ፤ ሬዲዮ ከውጭ "ኧረ ማነው?" ብላ ጮኸች። እትዬ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። ስድሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ነበረች፤ ለአፍታ ግን የክፍላችንን ትልልቅ ልጆች መሰለችኝ።

"እሁድ እመጣለሁ በይው" አለችኝ።

ለአያቴ ነገርኩት። እናቴ "ምን ብለሽ ነገርሻት?" አለችኝ፤ "ሊነግርሽ የሚፈልገው ነገር አለ ብዬ" አልኩ፤ ቀሪውን ዋጥኩት። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ልጅ ገላገለችን" አለች። የተመሰገንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ቀሪውን መዋጤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እውነቱን ልትሰማ የምትመጣ መስሏቸው ነበር እንጂ ስለ ጋብቻ ልትናገር እንደምትመጣ ቢያውቁ ኖሮ፣ ቢያንስ በር ላይ ጠብቀው ስህተቱን ያስረዷት ነበር።

እሁድ ጠዋት አያቴ ሲላጭ አገጩን ቆረጠው። እትዬ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ እንጉዳይ ሳትይዝ። እናቴ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደሽ ከልጆቹ ጋር ተጫወቺ አለችኝና ራሷ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ቤቱን ዞሬ በመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር፤ መጋረጃው አንድ ዓይን የሚያሳይ ቀዳዳ አለው።

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ናት።

"እርስዎ ደግ ሰው ነዎት" አለችው። "እንዳይቸገሩ ብዬ ቀድሜ ልናገር። ልጅቷ ሁሉንም ነግራኛለች።"

አያቴ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። "ሁሉንም?"

"ልጅ ምን ይደብቃል። ስሰማ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ደስ ባለኝ። ቤትዎ የሰው ቤት ነው፤ ልጅዎን እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። ግን እኔ ለትዳር የምሆን ሰው አይደለሁም። እርስዎ ያን ዕለት እዚያ ነበሩ። መውጣቱን ያውቃሉ፤ ለምን እንደወጣ ግን አያውቁም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።"

አያቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እጇን አንስታ አስቆመችው።

"ጠዋት የሸሚዜ ቁልፍ ወልቋል ስፊልኝ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ራስህ ስፋው አልኩት። ቃል ተመላለስን። በመጨረሻ ሂድልኝ፣ ሁለተኛ ፊትህን አልይ አልኩት። ለአንዲት ቁልፍ። ሄደ። ከመጠጊያው ወጥቶ የቆመው ለዚያ ነው። ባሌን ባቡር አልገደለውም፤ በምላሴ ነው የገደልኩት። ይህን ይዤ እርስዎ ቤት እንዴት እገባለሁ?"

አያቴ ብድግ አለ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ተመለሰች።

"አልወጣም" አለ።

"ምን አሉ?"

"አልወጣም። መጀመሪያም አልገባም ነበር። ድጅኖውን ሊያመጣ ሄዶ ሩጫ ላይ ነበር።"

"አለቃው ሰባት ሲል ሰምቷል።"

"የሰማው እኔን ነው።"

ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ተነገረ፤ አልሰማሁትም። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም። የሰማሁት መጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም አያቴ ቀጥ ብሎ ቆመና በገዛ ድምፁ "ስድስት አለሁ" አለ። ከዚያ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠጋና ከሆዱ በሚወጣ፣ ከእሱ ቁመት ሁለት እጥፍ ለሚሆን ሰው በሚመጥን ድምፅ፣ "ሰባት አለሁ" አለ።

እኔ ሳቅኩ። በእጄ አፌን አፍኜ ሳቅኩ። እሷን ሊያስቃት ሰው እያስመሰለ መስሎኝ ነበር፤ አያቴ እንዲህ ያለ ተሰጥዖ እንዳለው አላውቅም ነበር።

"ይድገሙት" አለች እትዬ።

ደገመው።

"ይድገሙት።"

በሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀበት። እትዬ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። ከጣቶቿ መሃል "ድምፁ እንደዚህ ነበር" አለች። "ጠፍቶብኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። አንተ ጋ ነው ለካ የነበረው።"

እስከዚያ ሰዓት ድረስ "እርስዎ" ነበር የምትለው። "አንተ" ስትለው ልቤ ዘለለ፤ እናቴና አባቴም፣ አባቴ በሕይወት ሳለ፣ እንደዚያ ነበር የሚባባሉት። አለቀ፣ ተስማሙ አልኩ።

"ይቅር በይኝ" አለ አያቴ። ጉልበቱ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደወረደ አላየሁም። ሰው ለጋብቻ ሲጠይቅ እንደሚንበረከክ ከሥዕል አውቅ ነበር።

"አልልህም" አለችው። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። "ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው። ስድስቱን ደግሞ እንጉዳይ እየሰጠሁህ። አልልህም። ማክሰኞ ጠዋት ልብስህን ለብሰህ ጠብቀኝ።"

ቀን ተቆረጠ ማለት ነው። ከመስኮቱ ሥር ተነስቼ እየሮጥኩ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ፤ ነገርኩት። ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ሄድኩ፤ ነገርኳት። ሰኞ ለሬዲዮ ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አላስፈለገኝም።

ባለፈው ዓመት ወረቀቱን አየሁት። የባቡሩ መሥሪያ ቤት አሮጌ መዝገቦቹን ለሕዝብ ከፍቷል፤ ዋሻው የእግረኛ መንገድ ሆኖ ሲመረቅ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ጠይቀው ነው አሉ። እነሱ ባቡሩን፣ መጋዘኑን፣ መጠለያውን፣ እንጉዳዩን ጽፈዋል፤ አጭርና ንጹሕ ጽሑፍ ነው። መጠጊያዎቹ ውስጥ መብራት ገብቷል፤ ሰዎች እየገቡ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ግን ፋይሉን አስወጥቼ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር በመርፌ ተያይዟል፤ ከግርጌው የአያቴ አውራ ጣት አሻራ አለ። አራት መስመር ብቻ ነው። ሟች ከመጠጊያው አልወጣም፤ አልገባም ነበር፤ ስለ እሱ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ሐዲዱ ላይ የነበረው ባቡሩ እንዳይገለበጥ ድጅኖውን ሲያነሳ ነው። ያን ማክሰኞ ለማስጻፍ ሲሄዱ የመዝገብ ቤቱ ሰው "አሁን ይህ ምን ይጠቅማል?" ብሎ ነበር አሉ፤ እትዬ "አንተ ጻፍ" አለችው።

አያቴን ማንም አልከሰሰውም፤ ብዙ ዘመን አልፎበታል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። እትዬ በወሩ መጨረሻ ወደ እህቷ ሄደች፤ ቀብሩ ላይ አልመጣችም፤ ደብዳቤም አልጻፈችም። እኔ እውነቱን የነገረኝ ስላልነበረ ዓመታት ሙሉ ከሠርጓ ማግስት የከዳችን መስሎኝ ጠላኋት፤ አያቴን ያሳመመችውም እሷ መሰለችኝ። ጠላኋት ማለቴ የልጅ ጥላቻ አይደለም፤ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ ነው። አያቴን ዛሬም እወደዋለሁ። ስለ እሱ ሳስብ ግን ሃያ ሁለት ዓመቱን መቁጠር ጀምሬ የማቆምበት ቦታ አጣለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና አልነበረም። ፀሐይ ነበር። አያቴ ከማለዳ ጀምሮ ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። እትዬ መጣችና በሩ ላይ ቆመች፤ ወይን ጠጁን ቀሚስ ደግማ ለብሳዋለች። እናቴ ልትከተላቸው ስትል "አንቺ ቅሪ፣ ሁለታችን እንበቃለን" አለቻት። እኔ ማንም ሳያየኝ ወጣሁ፤ ቀድሜያቸው ሄድኩ።

ሰፈሩ ነቅቶ ይጠብቅ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በሯ ላይ ቆማለች። ሬዲዮ ሥራ ቀርታ መጥታለች። ሁለቱ አዛውንቶች ሳይነካኩ፣ ግን እኩል እየተራመዱ ቁልቁል ወረዱ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ወጣ፤ መንገድ ላይ ተገተረና በሙሉ ድምፁ፦

"እንኳን ደስ ያላችሁ" አላቸው።

አያቴ ቆመ። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። ዓይኑ ሰውን ሁሉ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፤ ያኔ ገባው። አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ክንዱን ያዘችው። ስትነካው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሬዲዮ እንኳ ዝም ብላለች። ከዚያ እትዬ ራሷን ቀና አደረገችና ልብስ ሰፊውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ መንገዱ ዳር የቆመው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለችው። ፊቷ በርቶ ነበር። ከልቧ እንደነበር በስምንት ዓመቴ እንኳ አውቄያለሁ፤ የተሳሳትኩት ምክንያቱን ብቻ ነው።